ወደ ባርበርስቪል 12 ሰው ይዛ ልትሄድ ላሰበችው እህት

"ለወላጆቼ 30ኛ ዓመት ጋብቻ በኦክቶበር ወር፣ 12 ሰው ይዤ ቨርጂኒያ፣ ባርበርስቪል ዋይነሪ (የወይን ጠጅ መጥመቂያ) ልሄድ ነው፤ ምን ልያዝ?" ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ምን እንደማትይዢ ልንገርሽ።

1. ቁጥራችሁን አትደብቂ። እኔ ደብቄ 420 ዶላር ከስሬያለሁ። ባለቤቴ በነርስነት ስትመረቅ 14 ሆነን ላውደን ካውንቲ ወዳለ አንድ ዋይነሪ ሄድን፤ ስሙ ይቅር። ከስምንት ሰው በላይ አንድ ላይ አይቀበሉም። እኔ ብልጡ ሰባት ሰባት አድርጌ በሁለት ስም ያዝኩ። ለወይን ቅምሻ በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር ቀድሜ ከፈልኩ። "እንደማይተዋወቅ ሰው ሆናችሁ ግቡ" ብዬም አስጠነቀቅኩ። ምን ዋጋ አለው! ሁለተኛው መኪና ሲደርስ የፊተኛው ጠረጴዛ በሙሉ ብድግ ብሎ መሳሳም ጀመረ። በየተራ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ጠዋት ቤተክርስቲያን አብረው የነበሩ ሰዎች እኮ ናቸው!

2. ምግብ ይፈቀድ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ። ከውጭ የመጣ መጠጥ ግን አይሞከርም። እኛ ይሄን ያወቅነው አማቴ በወተት ጋሎን የሞሉትን ጠጅ ከዘንቢላቸው ሲያወጡ ነው። ኃላፊው ስለ ሰባትና ሰባቱ ገና እየተቆጣኝ ነበር። ጋሎኑን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አሳየን። ብሩም አይመለስም አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን በምርቃት ቀን ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሌባ ማስወጣት ነውር ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ዶሮ ወጡን ነዳጅ ማደያ ጥግ ቆመን በላነው።

3. ሾፌራችሁ ከአሁኑ ይለይ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሁለት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው።

ምርጫሽ ግን ጥሩ ነው። ቨርጂኒያ ዛሬ ከ300 በላይ ዋይነሪ አላት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን እዚያው አካባቢ፣ ሞንቲቼሎ በሚባለው እርሻው ላይ፣ የአውሮፓ ወይን ቢተክል ቢተክል አልያዝለትም ነበር። ባርበርስቪልን የጣሊያኑ ዞኒን ቤተሰብ በ1976 አቋቋመው። ግቢው ውስጥ ጀፈርሰን ለቨርጂኒያው ገዥ ለጄምስ ባርበር የነደፈው ቤት ፍርስራሽ አለ። በ1884 በገና ዕለት ተቃጥሎ ነው እንዲያ የቀረው። ወላጆችሽን ጡቡ ግድግዳ ሥር ፎቶ አንሺያቸው። ኦክታጎን የሚሉት ቀዩ ወይናቸው ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ነው።

ዘንድሮ ባርበርስቪል ስንሄድ ቀድሜ ደውዬ "14 ነን፣ ስንገናኝ እንሳሳማለን" አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሳቀች። አማቴ ኦክታጎኑን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። በኋላ ፓክሲቶ የሚባለው ጣፋጩ ወይን መጣ፤ ፍሬውን እንደ ዘቢብ አድርቀው ነው የሚጨምቁት። ዝም ብለው ብርጭቆውን ጨረሱ።

"ጌሾ አነሰው እንጂ ይሄማ ጠጅ ነው" አሉ።

ሁለት ጠርሙስ ገዛንላቸው። የወተት ጋሎኑ ግን ለማንኛውም መኪና ውስጥ ነበር።