የታወቀ ፊልም ትዕይንት ለልምምድ እንደገና መቅረጽ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የምንኖር፣ የፊልም ሥራን በስልክ ካሜራ የምንለማመድ ጓደኛሞች ነን። ከአንድ የታወቀ የአማርኛ ፊልም በሻይ ቤት ውስጥ የሚካሄድ የባልና ሚስት ጠብ ወስደን፣ ንግግሩንም ሆነ የካሜራውን አቀማመጥ ሳንለውጥ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቀረጽነው። ሙዚቃውንም ከፊልሙ ወሰድን። አሁን ዩቲዩብ ላይ ልንጭነው ነው። አንዱ ጓደኛችን «ገንዘብ እስካላገኘንበት ድረስ ማንም አይጠይቀንም» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 7 ሥራን የማባዛት፣ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥና ለሕዝብ የማሰራጨት መብትን ለባለመብቱ ይሰጣል። ይህን መብት ለመጣስ ማትረፍ ግድ አይደለም። ትርፍ አለማግኘታችሁ የካሣውን መጠን ሊያሳንስ ይችል ይሆናል፤ ከተጠያቂነት ግን አያድናችሁም።

ልምምዳችሁን በተመለከተ ግን አትደንግጡ። አዋጁ የታተመን ሥራ አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ለማስተማር የሚደረግ ማባዛትንም ከዓላማው እስካላለፈ ድረስ አይከለክልም። አምስት ስድስት ሆኖ መቅረጽ «የግል» ነው ወይ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን ቀርጻችሁ፣ አብራችሁ አይታችሁ፣ ስሕተታችሁን ተነጋግራችሁበት ከእናንተ እጅ ካልወጣ የሚያሰጋ ነገር የለም። ጀማሪ በዚህ መንገድ ቢማር ደስ ይለኛል። ችግሩ የሚጀምረው ስትጭኑት ነው።

ከመጫናችሁ በፊት የራሳችሁ የሆነውንና የሌላውን ለዩ። አንቀጽ 5 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። ሚስትየዋ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዝም ትላለች እንበል። ካሜራው ከባልየው ትከሻ ጀርባ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ፊቷ ይጠጋል፤ ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል በአንድ ጉንጯ ላይ ብቻ ያርፋል፤ መልሷ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አቀራረብ ሙያ ነው፤ ካሜራ በትከሻ በኩል ማስጠጋትን ወይም ከንግግር በፊት ዝምታ ማስቀደምን ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። የምትናገረው ቃል፣ የገጸ ባሕርያቱ ታሪክና የጠቡ አካሄድ ተያይዘው ሲወሰዱ ግን የደራሲው የፈጠራ ሥራ ናቸው። ስም ብቻ መቀየር ነገሩን የእናንተ አያደርገውም።

ስለዚህ እኔን ብትሰሙኝ ትዕይንቱን እንደገና ቅረጹት። የካሜራውን አካሄድ ያዙ፣ ንግግሩን ተዉ። በባጃጅ ዕዳ የተጣሉ የድሬዳዋ ባልና ሚስት ይሁኑ፤ በከተማችሁ አነጋገር ይጨቃጨቁ። ያኔ የምትጭኑት የራሳችሁን ሥራ ነው፤ ቃለ ተውኔት መጻፍንም ትማሩበታላችሁ።

ሙዚቃውን ጨርሶ አውጡት። የዜማው፣ የግጥሙ፣ የድምፃዊውና የቅጂው አሳታሚ መብቶች ለየብቻ የቆሙ ናቸው፤ ዩቲዩብም የተመዘገበ ድምፅን በራሱ ሥርዓት ስለሚለይ በቶሎ የሚያዘው እርሱ ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ አዋጁ ሲወጣ ሆን ተብሎ ለሚፈጸም ጥሰት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውን ካሣም ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጓል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ስለተሻሻለ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ለልምምድ የቀረጸ ወጣት ሁሉ ይታሰራል ማለቴ አይደለም፤ «ማን ይጠይቀናል» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ እንዳልሆነ ግን እወቁት።

ያልጠየቃችሁኝ ሌላም ነገር አለ። ከዚራ ስትቀርጹ ከኋላ የተቀመጡት ቡና ጠጪዎች ፊታቸው ይታያል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። የሻይ ቤቱን ባለቤትም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ከተዋናዮቻችሁ መካከል 18 ዓመት ያልሞላው ካለ ወላጁ ወይም አሳዳሪው ይፈርም።

የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳለ መጫን ካማራችሁ የቀረው መንገድ ማስፈቀድ ነው። ለፊልሙ ፕሮዲዩሰር አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የትኛው ትዕይንት እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የት እንደምትጭኑት፣ ገቢ እንደማታገኙበት ግለጹ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «ቀጥሉ» መባል አይበቃም። ሲፈቀድላችሁም የደራሲውንና የዳይሬክተሩን ስም በግልጽ አስፍሩ፤ አንቀጽ 8 የሥራ አመንጪን በስሙ የመታወቅ መብት ይጠብቃል። መልሱ እስኪመጣ ቪዲዮው ስልካችሁ ውስጥ ይቆይ።