ፍሬኑ ሲጠነክር መኪናዋ ለምን ትወጣለች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከልጄ ጋር ስሎት ካር እንነዳለን፤ በትራክ ስንጥቅ እየተመራች በኤሌክትሪክ የምትሮጠዋን ትንሽ መኪና ማለቴ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኮንትሮለር፣ ማለትም ጣት የሚስበው ምላጭ ያለው የእጅ መቆጣጠሪያ ገዛንና የፍሬኑን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አሁን ኩርባ ጋ ምላጩን ስለቅ ኋላዋ ይዞርና ከትራኩ ትወጣለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዞሪያውን ወደ መሃል ይመልሱት። ምላጩን ሲለቁ ኮንትሮለሩ የሞተሩን ሁለት ጫፎች ያገናኛቸዋል። ሞተሩ ያኔ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ያመነጨው ኤሌክትሪክ መልሶ ራሱን ይይዘዋል። የሚያዘው ግን የኋላ ጎማ ነው። ፍሬኑ ከበረታ ጎማው ይንሸራተታል።

እኔ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሊያልቅ ሲል ትራኩ ጎን ቁራጭ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ሁሌም ምላጩን እዚያው ጋ እለቃለሁ። መኪናዋ ፍጥነቷ ሳይቀንስ ኩርባው ውስጥ ከገባች ፍሬኑን ትንሽ እጨምራለሁ፤ ኋላዋ ከተወዛወዘ እቀንሳለሁ። በጣም ትንሽ፣ ማዞሪያው መዞሩ እስኪያጠራጥር ድረስ!

ከሁሉ በፊት ግን ጎማውን ይጥረጉ። አቧራ የያዘ ጎማ ያሳስትዎታል። መኪና ሲቀይሩም እንደገና ያስተካክሉ፤ ከሥሯ ማግኔት ያላት ጠንካራ ፍሬን ትችላለች፣ የሌላት አትችልም።