ኮሌስትሮላቸው «ኖርማል» ከሆነ አቶርቫስታቲን ለምን ታዘዘ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። እናትሽ 58 ዓመታቸው ነው። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል፣ ለግፊት ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፣ ልባቸውን ግን አሟቸው አያውቅም። ኤልዲኤላቸው («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) 115 ወጥቶ ወረቀቱ «ኖርማል» እያለ ሐኪሙ አቶርቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት 20 ሚሊግራም ጻፈላቸው። ጎረቤት ደግሞ «እሱ ጉበት ይጨርሳል፣ ስኳርም ይጨምራል፤ ይልቅ አስፕሪን ይሻልዎታል» አለቻቸው። አሁን ማንን እንስማ ነው የምትዪው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን የምኖር የስኳር ታማሚ ነኝ። ይህንኑ ክኒን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የእኔም ኮሌስትሮል ሲታዘዝልኝ «ኖርማል» ነበር። ግራ ገብቶኝ ስጠይቃት ሐኪሜ «የጻፍኩልዎት ለወረቀቱ አይደለም፣ ለስኳርዎ ነው» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ያለው ልክ ለሁሉም ሰው የታተመ ነው። ወረቀቱ እናትሽ ስኳርና ግፊት እንዳለባቸው አያውቅም። ስኳር የደም ሥርን ግድግዳ ከውስጥ ይጎዳል፤ በተጎዳ ግድግዳ ላይ ደግሞ ኮሌስትሮሉ ብዙ ባይሆንም ይጠራቀማል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 እስከ 75 የሆነ የስኳር ታማሚ፣ ልቡን ባያመውም፣ ስታቲን (እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የጋራ ስም ነው) እንዲጀምር የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ። እንደ እናትሽ ግፊት ሲጨመርበት ብዙ ሐኪሞች ኤልዲኤሉ ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈልጋሉ። 115 «ኖርማል» ሆኖም ለእሳቸው ብዙ ነው ማለት ነው።

በብሪታንያና በአየርላንድ የተሠራ ካርድስ የሚባል ጥናት አለ፤ ውጤቱ የታተመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የገቡት 2838 ሰዎች ልክ እንደ እናትሽ ናቸው፤ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው፣ የልብ ሕመም የሌለባቸው፣ ግን ግፊት ወይም ሌላ ተጨማሪ ችግር ያለባቸው። አማካይ ኤልዲኤላቸውም ወደ 117 ገደማ ነበር። ግማሾቹ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶው 9ኙ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ ወይም መሰል ነገር ደረሰባቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ ወደ 6 ገደማ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ቆመ።

ቁጥሩን ሳልሸፋፍን የነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። ከመቶው አብዛኛው ሰው ክኒኑን ባይወስድም በእነዚያ ዓመታት ምንም አይሆንም። የሚተርፉት ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ቤቱ ያስታመመ ደግሞ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ወደ ጎረቤታችሁ ልምጣ። ስለ ስኳሩ ያለችው ፈጽሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስታቲን ስኳርን በትንሹ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ግን ትንሽ ነው፣ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። በርጫ ላይ ከጫቱ ጋር የሚወርደው ለስላሳ ከዚህ በላይ ይጨምራል፤ አቦ፣ እሱን ማን ይከለክለናል! (ጫቱ ራሱም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። እናትሽ የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ አይፈሩ።) ጉበትን በተመለከተ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ የደም ምርመራ ይደረጋል። ከባድ ጉዳት በጣም ብርቅ ነው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በጡንቻ ሕመም ነው። እኔም እንደጀመርኩ ባቴን ያመኝ ነበር። ሐኪሟ ለጥቂት ሳምንታት አቁሜ እንድመለስ አደረገችኝ። ክኒኑን ትቼም ሕመሙ አልለቀቀኝም። ካፊራ ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሸጥ ሰው ባቱን ባያመው ነው የሚገርመው። መልሼ ጀመርኩ፣ እስካሁን አለሁ። አንዳንድ ሰው ግን በእርግጥ በመድኃኒቱ ይታመማል፤ ለእሱ መጠኑን መቀነስ ወይም ሌላ ስታቲን መሞከር ይቻላል። ከባድ የጡንቻ ሕመም መጥቶ ሽንታቸው እንደ ቡና ከጠቆረ ግን ክኒኑን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አስፕሪን የስታቲን ምትክ አይደለም። ሥራቸውም ለየቅል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አሴንድ የተባለ ጥናት ከ15 ሺህ በላይ የልብ ሕመም የሌለባቸው የስኳር ታማሚዎችን ለሰባት ዓመት ተከታትሏል። አስፕሪን የልብና የስትሮክ አደጋን በ12 በመቶ ቀነሰ፤ ከባድ የደም መፍሰስን ግን በ29 በመቶ ጨመረ። ጨጓራ ያለበት ሰው በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪም ሳያዝ በጎረቤት ምክር አይጀመርም፤ እኔ አልወስድም።

አቶርቫስታቲን በቀን አንዴ ነው፣ ሰዓቱ አይመረጥም። ስለዚህ ጾም አያስቸግርም፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ሲምቫስታቲን ከሆነ የታዘዘው ግን ማታ ነው የሚወሰደው። ፋርማሲ ስትገዢ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሚሊግራሙንም አንብቢ። አንዴ 20ው አልቆባቸው ምንም ሳይሉ 40 ሰጥተውኛል፤ የሳጥኑ ቀለም አንድ ስለሆነ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። የድሬ ሙቀትም አለ። ብዙዎቹ ሳጥኖች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላሉ፤ በግንቦት ቤታችን ውስጥ ይህን ማግኘት ከባድ ነው። መስኮት ላይ አታስቀምጡት፣ ከሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው ክፍል ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረ። እናትሽ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸው መድኃኒት ከታዘዘላቸው ስታቲን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ስታቲኑን ደም ውስጥ ያበዛዋል፤ ሐኪሙ ለዚያ ጊዜ ሊያስቆማቸው ወይም መጠኑን ሊቀንስላቸው ይችላል።