መልስ፦ ክረምት ላይ ጭቃ የሚሆነው የሰፈር ሜዳ

ወንድሜ፣ «ሜዳችን ክረምት በገባ ቁጥር ይጨቀያል፤ አፈር እንድፋበት ወይስ አዲስ ሳር እንትከል?» ላልከው፣ ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ ውሃውን አስወጡት። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ቀዩ አፈራችን ደግሞ ሲረገጥ ይጠቀጠቅና ውሃ አላሳልፍም ይላል።

ዝናቡ እንዳባራ ሄደህ ውሃው የት እንደሚያቁር እይ። ብዙ ጊዜ በረኛው የሚቆምበት ጋ ነው። እዚያ በብረት መንሽ ወጋ ወጋ አድርጉና አሸዋ ነስንሱበት። ሜዳው ከመሃል ወደ ዳር በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ውሃው ራሱ ይወርዳል። ዳር ዳሩን ቦይ ቆፍሩ፤ ከመስመሩ ግን ራቅ ይበል፣ ልጆቹ እንዳይሰበሩ። ቦዩንም ቶሎ ቶሎ ጥረጉት። ፌስታልና የጫት ገረባ ይደፍነዋል፣ መቼም ከተማችንን ታውቃታለህ።

ሳሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሰርዶ ይበቃችኋል፣ መረገጥ ይችላል። ስታጭዱ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ።

ዋናው ራስ ምታት ግን ሰው ነው። ሜዳው ውሃ ባዘለ ቀን አንድ ጨዋታ የወር ልፋት ያበላሻል። ስለዚህ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል አንድ ኃላፊ ምረጡ፤ ለባዛር ድንኳንና ለመኪናም እምቢ የሚል ይሁን።