«ልጄ ተራ ሰው ነው ወይ?»

ጥያቄ፦ ልጃቸው የተገደለባቸውን ጎረቤቴን ለማጽናናት አብሬያቸው ችሎት ገብቼ ነበር። ዳኛው «ተራ የሰው ግድያ» ሲሉ እናትየዋ «ልጄ ተራ ሰው ነው ወይ?» ብለው አለቀሱ። ሕጉ ሰው መግደልን እንዴት «ተራ» ይለዋል?

መልስ፦ እናትየዋ የሰሙት «የተራ ሰው ግድያ» ነው፤ ዳኛው ያሉት ደግሞ «ተራ የሰው ግድያ»። ልዩነቱ በአንዲት «የ» ላይ ነው። «የ» ከ«ተራ» ፊት ብትቆም ተራነቱ የሟቹ ይሆን ነበር። ከ«ሰው» ፊት ስለቆመች ግን «ተራ» ሟቹን ዘሎ ግድያውን ይገልጻል። ሰዋስው እንዲህ ይላል፤ ጆሮ ግን ሰዋስውን አይጠብቅም፣ ይልቁንም ልጃቸውን የቀበሩ እናት ጆሮ።

ቃሉም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። «ተራህን ጠብቅ» ስንል ወረፋ ነው፤ አውቶብስ ተራ፣ ከብት ተራ ስንል ስፍራ። «ተራ ወታደር» የሚባለው ማዕረግ ያልተለጠፈለት ነው። «ተራ ወሬ» ላይ ስንደርስ ግን ንቀት ገብቶበታል። ሕጉ የያዘው የወታደሩን ነው፤ እናትየዋ የሰሙት የወሬውን።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ታስቦ የተፈጸመን ግድያ በሦስት ይከፍላል። አስቀድሞ በተጠነሰሰ ሐሳብ ወይም በልዩ ጭካኔ የተፈጸመው በአንቀጽ 539 «ከባድ» ተብሎ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ያስቀጣል። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ሰው የፈጸመው ዓይነት በአንቀጽ 541 «ቀላል» ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ከሁለቱም ያልሆነው በአንቀጽ 540 ይወድቃል። «ተራ» ማለት እንግዲህ የሚያከብደውም የሚያቀለውም ምልክት ያልተለጠፈበት ማለት ነው እንጂ የተናቀ ማለት አይደለም። ቅጣቱም ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

እኔም ብሆን ቃሉን አልወደውም። «መደበኛ» ቢባል ደግሞ የባሰ ነው፤ የሥራ ሰዓት ያስመስለዋል። ቃሉን መለወጥ ካልተቻለ «ተራ የሆነ የሰው ግድያ» ቢባል እመርጣለሁ። «የሆነ» መሐል ገብታ «ተራ»ን ከ«ሰው» ታርቃለች፤ እናትየዋም ቢያንስ ያን ቀን «ተራ ሰው» የሚል አይሰሙም ነበር።