ስለ ካቶሊክ ኑዛዜ (ኃጢአትን ለካህን ስለ መናገር)፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ላይ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ወሎ ውስጥ ካቶሊክ ጥቂት ስለሆነ ጠያቂዎቼ በብዛት ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ናቸው። ደግሞም ደህና አድርገው ነው የሚያፋጥጡኝ!

ከሐይቅ፦ እኛ ሙስሊሞች ተውባ (ንስሐ) ስናደርግ መሀል ላይ ሰው አይገባም። እናንተ ካህን ለምን ትጨምራላችሁ?

ይቅር የሚለው ፈጣሪ ነው፤ እዚህ ላይ አንጣላም። ካህኑ ከራሱ የሚሰጠው ይቅርታ የለውም። ክርስቶስ ግን ከሙታን ከተነሣ በኋላ ለሐዋርያቱ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሏል (ዮሐንስ 20፥23)። «የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል» ብሎም ጨምሯል። ይቅር ለማለትም ለመያዝም መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ከወረኢሉ፦ ካቶሊክ ጎረቤቴ ባረሰ ቁጥር አንድ አንድ ፈር እያለ ድንበሬን ገፋው። ፋሲካ ሲደርስ ተናዞ ይመጣል። በቃ፣ አለቀለት?

ኧረ አላለቀም! ኑዛዜ አፍ ብቻ አይደለም። መጸጸት አለ፣ ዳግም ላለመሥራት መቁረጥ አለ፣ ከዚያ ካሳ አለ። መሬቱን ይዞ ለመቅረት ወስኖ ከተናዘዘ ንስሐው ንስሐ አይደለም፤ ካህኑ ቢፈታውም አይጠቅመውም። ከልቡ ከተጸጸተ ግን ኃጢአቱ ይቀርለታል፣ ዕዳው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ማረሻውን ወደ ድሮው ወሰን ይመልስ። በገፋው መሬት ላይ አምርቶ የበላውንም ያስብ። ፊት ለፊት መናገር ካፈረ ሽማግሌ ይላክ፤ ለዚህ ለዚህማ ወሎ አበጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) መች አጣ? ካህኑ ይህን ሁሉ ሊያዘው ይችላል። አንተ ዘንድ መጥቶ «ጎረቤትህ እንዲህ አለኝ» ማለት ግን አይችልም።

ከኮምቦልቻ፦ ሰው መግደሉን ቢናዘዝና ፖሊስ ካህኑን ቢጠይቀውስ?

አይናገርም። «እጅህን ስጥ» ብሎ ሊመክረው ይችላል፣ አሳልፎ ሊሰጠው ግን አይችልም። ነፍሱ ብትወጣም አይናገርም። የሰማውን በሌላ መንገድ እንኳ አይጠቀምበትም፦ ገንዘብ ያዥው መስረቁን በኑዛዜ ቢሰማ በዚያ ምክንያት ከቦታው አያነሣውም። ምስጢሩን ያወጣ ካህን በውግዘት ይቀጣል፤ ኃጢአቱን የመፍታት ሥልጣንም በሮም መንበር እጅ ነው።

ከወልድያ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው። በስልክ ወይም በቴሌግራም አይሆንም?

አይሆንም፣ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ግን አብሽር። ሰው ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን እግዚአብሔርን ወዶ ከተጸጸተ፣ በቻለም ጊዜ ለመናዘዝ ከቆረጠ፣ ከባዱም ኃጢአት ይቀርለታል። መንገዱ ሲመቸው ደግሞ ሄዶ ይናዘዝ።

ከደሴ፦ እኛ ኦርቶዶክሶች የንስሐ አባት አለን። እናንተስ?

የግድ አይደለም፤ ሥልጣን ላለው ለማንኛውም ካህን መናዘዝ ይቻላል። እኔ ግን አንድ አባት ይሻላል ባይ ነኝ። የሚያውቅህ ሰው ዘንድ ማድበስበስ ይከብዳል።

ስንት ይከፈላል?

ሰባራ ሳንቲም አይከፈልም።

ያንኑ ኃጢአት ደግሜ ብሠራውስ?

ደግመህ ተናዘዝ። ካህኑ አይገረምም፣ ብዙ ሰምቷል። ከባድ የሆነውን በዓይነቱና በቁጥሩ ተናገር፤ ዝርዝር ወሬውን ተወው፣ የሌላ ሰው ስምም አታንሣ። የፋሲካ ሰሞን ሰልፉ ስለሚረዝም ጾሙ ሳይጋመስ ብትሄድ ይሻልሃል።