የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መጋዘኑ ሞልቶ ኢአርፒው ለምን «የለም» ይላል?

ጥያቄ፦ ልደታ አካባቢ የመድኃኒትና የምግብ ማሸጊያ ካርቶን እናትማለን። የምርት ክፍላችን የቆየ የራሱ መከታተያ ሶፍትዌር አለው። ሜክሲኮ ያለው ዋናው ቢሮ በቅርቡ አዲስ ኢአርፒ (ግዢን፣ መጋዘንንና ሂሳብን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ገዝቶ ሁለቱን ካገናኘን ሦስት ሳምንት ሆነ። አሁን ኢአርፒው ላይ ብዙ የወረቀት ዓይነት ከዜሮ በታች ወርዷል፤ መጋዘን ሲገባ ግን ወረቀቱ እንደተደረደረ ነው። የኢአርፒው አማካሪ ጥፋቱን ወደ ምርት ሶፍትዌሩ፣ የሶፍትዌሩ ባለሙያ ደግሞ ወደ ኢአርፒው ይገፋል። ቆጠራ አድርገን እናስተካክለው? (የምርት ዕቅድ ኃላፊ፣ ልደታ)

መልስ፦ ቆጠራውን ለጊዜው ያቆዩት። ምንጩ ሳይደፈን የተስተካከለ ክምችት በሳምንቱ ተመልሶ ይዛባል፤ ይባስ ብሎም ማስተካከያው የስህተቱን ዱካ ያጠፋብዎታል። ሁለቱን ባለሙያዎች ከማከራከር አንድ የተዘጋ የሥራ ትዕዛዝ አውጥተው ቁጥሩን ይጠይቁት።

ትዕዛዙ 10,000 ካርቶን ነው እንበል፤ ከአንድ ሉክ ወረቀት 4 ካርቶን ይወጣል። ስለዚህ 2,500 ሉክ ያስፈልጋል፤ 4 በመቶ ብክነት ሲታሰብለት 2,600 ይሆናል። ኢአርፒው ውስጥ የተመዘገበው ቀመር ይህ ነው። ማሽኑ ላይ ግን ቀለሙ እስኪስተካከል ትንሽ ተጨማሪ ወረቀት ባክኖ 2,660 ሉክ አለቀ፤ የምርት ሶፍትዌሩም የላከው ይህንኑ ነው። አሁን ኢአርፒው ከመጋዘን ስንት እንደቀነሰ ይመልከቱ።

5,260 ከሆነ ሁለቱም ቀንሰዋል ማለት ነው። ኢአርፒ «ይህን ያህል ካርቶን ተመረተ» የሚል መልእክት ሲደርሰው እንደ ቀመሩ 2,600 ሉክ በራሱ እንዲቀንስ ተደርጎ ሊዋቀር ይችላል። በዚያ ላይ የምርት ሶፍትዌሩ ትክክለኛውን ፍጆታ ሲልክ 2,660 ይደመራል። ሁለቱ ባለሙያዎች የሚወቃቀሱትም ለዚህ ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ግን ፍጆታን የሚመዘግበው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አልተወሰነም። እርስዎ በገለጹት ሁኔታ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ነው። መፍትሔው በየዕቃው መወሰን ነው። ወረቀት በየትዕዛዙ ስለሚቆጠር የምርት ሶፍትዌሩ ይላከው፤ የኢአርፒው ራስ ሰር ቅነሳ ለወረቀት ይዘጋ። ኮላና ቀለም በየሥራው ካልተመዘኑ ግን በቀመሩ በራስ ሰር ይቀነሱ፤ ልዩነቱ በወሩ ቆጠራ ይስተካከል። ያልተመዘነ ቁጥር «ትክክለኛ ፍጆታ» ተብሎ ሲላክ ግምት የመረጃ ልብስ ለብሶ ይገባል።

5,320 ከሆነ፣ ማለትም የ2,660 ልክ እጥፍ፣ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። መነሻው ብዙውን ጊዜ የኔትወርክ ወይም የመብራት መቋረጥ ነው። ኢአርፒው መልእክቱን ይመዘግባል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ላኪው መልስ ስላላገኘ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ምርት ክፍል የሚልከው እያንዳንዱ መልእክት የማይደገም መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ተቀባዩም ያን ቁጥር ከዚህ በፊት ካየው ሳይመዘግብ «ደርሶኛል» ብቻ ይበል። መለያው ሲላክ ሳይሆን መልእክቱ ሲፈጠር መሰጠት አለበት፤ በየመላኩ አዲስ ቁጥር ከተሰጠው ጥበቃው ከንቱ ነው። ያልተላኩ መልእክቶች ወረፋ ደግሞ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ብቻ የተያዘ ወረፋ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ስህተቱ በተቃራኒው ይመጣና ኢአርፒው ከመጋዘኑ የበለጠ ያሳያል።

የተቀነሰው በኪሎ ተመዝግቦ ከሚገባው ልክ 20 በመቶ በልጦ ከተገኘ ችግሩ መለኪያ ነው። ወረቀት በቶን ይገዛል፣ በሉክ ያልቃል። 70 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ300 ግራም ወረቀት (በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ማለት ነው) አንዱ ሉክ 210 ግራም ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት የ250 ግራሙ 175 ግራም ነው። ከአንድ ቶን ከመጀመሪያው 4,762 ገደማ፣ ከሁለተኛው 5,714 ገደማ ሉክ ይገኛል። ዕቃው ሲመዘገብ የ300ው ስሌት ለ250ውም ከተገለበጠ 2,660 ሉክ 465.5 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 558.6 ኪሎ ሆኖ ይቀነሳል። ስሌቱ በእያንዳንዱ የወረቀት ኮድ ላይ በውፍረቱና በስፋቱ ለየብቻ ይግባ፤ «ወረቀት» በሚል የጋራ ምድብ ላይ በፍጹም አይቀመጥ።

አንድ ትዕዛዝ ብቻ አይበቃም፤ ከተለያየ ወረቀትና ከተለያየ ፈረቃ አሥር ያህል ይመልከቱ፤ ሦስቱም ስህተቶች አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ምንጩ ሲዘጋ የተሳሳቱትን ምዝገባዎች አይሰርዙ፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይመልሷቸው። ከዚያ በኋላ ማሽን በቆመበት ቀን፣ ወረፋው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃችን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የአንዱ ፈረቃ ምርት ኢአርፒው ላይ በሁለት ቀን ተከፍሎ ይታያል፤ ወር መዝጊያ ላይ ደግሞ አንዳንዱ መልእክት ተመላሽ ይሆናል። (የሂሳብ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ ኢአርፒው ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ሁለት ነገር ለየብቻ ይላኩ፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት ትክክለኛ ሰዓት፣ እና ፈረቃው የጀመረበት የምርት ቀን። ሪፖርትም ሂሳብም በሁለተኛው ይሂዱ።

የሚመለሱት መልእክቶች የተዘጋ ወር ያጋጠማቸው ናቸው። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ የሰኔ 30 ማታ ፈረቃ የሚያልቀው ጁላይ 8 ጠዋት ነው፤ ሂሳብ ክፍሉ ወሩን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከዘጋ የፈረቃው ምርት ውጭ ይቀራል። የወሩ መዝጊያ ሰዓት ሳይሆን የወረፋው ባዶ መሆን ይሁን፦ ምርት ክፍል «የመጨረሻው ፈረቃ ተልኮ አልቋል» ሳይል ወሩ አይዘጋ። እንዲህ ያለውን ተመላሽ ሲስተሙ ደጋግሞ እንዲልክም አይፍቀዱ። የኔትወርክ መቋረጥ በ1፣ በ5፣ በ15 ደቂቃ ቢሞከር ሊሳካ ይችላል፤ የተዘጋ ወር ወይም ያልተመዘገበ ኮድ ግን ሺህ ጊዜ ቢላክ ያው ነው። ወዲያው ተለይቶ ለሰው ይታይ።

ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይረው ማገናኛው (በሁለቱ ሲስተሞች መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ፕሮግራም) አይሁን፤ በሁለቱም ሲስተም በአውሮፓ ቀን ይቀመጥ፣ ለውጡ ስክሪንና ሪፖርት ላይ ብቻ ይደረግ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ወቅት ካደረጋችኋት መዝጊያዋን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 10 ብላችሁ አትቸንክሩት፤ ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን 11 ይሆናል። 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019ም እንዲያው ነው።

ጥያቄ፦ የዕቃ ስም በአማርኛ ስንልክ ኢአርፒው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደርሳል። አንዳንዱ ደግሞ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። (ፒያሳ)

መልስ፦ የጥያቄ ምልክት የሚሆነው በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ዩኒኮድ (የአማርኛን ጨምሮ የዓለም ፊደላትን የሚይዝ የኮምፒውተር አጻጻፍ ደረጃ) የማይቀበል የዳታቤዝ ዓምድ ስላለ ነው። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ «ቫርቻር» የተባለውን ዓምድ «ኤንቫርቻር» ያድርጉት፤ መረጃው ኢአርፒው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበትን መሸጋገሪያ ሠንጠረዥም አይርሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አንዴ በጥያቄ ምልክት የተቀመጠ ስም ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከምንጩ እንደገና መላክ አለበት። የሚቆረጠው ደግሞ ርዝመቱ በባይት የተለካ ስለሆነ ነው፦ በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በባይት የሚጻፍበት አንዱ መንገድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 40 ባይት ያለው ቦታ 13 ፊደል ብቻ ይይዛል።

ሁለቱን ሲስተሞች በስም አታዛምዱ። አንዱ «ሰማያዊ ቀለም»፣ ሌላው «ሠማያዊ ቀለም» ብሎ ከጻፈ ለኮምፒውተሩ ሁለት ዕቃ ናቸው። ማዛመጃው ኮድ ይሁን፤ አዲስ ኮድ የሚከፈተውም በኢአርፒው ብቻ ይሁን፣ ምርት ክፍል ተቀብሎ ይጠቀምበት።